ጌሙ የተከፈተ ዕለት

ጉልበትሽ ተሻለው ወይ? ታዲያ ትራስ አድርገሽ ተንበርከኪበት እንጂ፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እኔ እንደሆንኩ ወንበር ላይ ውጪ አልሽኝ፣ ወጣሁ፤ አትንቀሳቀሺ አልሽኝ፣ አልንቀሳቀስም። አንቺም ስፒሉን በከንፈርሽ ይዘሻልና አትመልሺልኝ፤ ትውጪውና ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እኔ ላውራ፣ አንቺ የቀሚሱን ጫፍ እጠፊ። ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ይበልልኝ... ስሮጥ እንዳይጠልፈኝ። ልጄን ሳይ መሮጤ መቼም አይቀርም።

ጨርቁ አያምርም? እሷ ናት የላከችልኝ። ከዚያ ከድልድይ ሥራው ቦታ። ቀያሽ ናት፣ ነግሬሽ የለ? ዓመት ሙሉ በፀሐይና በአቧራ ስትንገላታ ከርማ ለእናቷ ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ መምረጥ አልረሳችም። ዛሬ ትገባለች። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ነው፤ ቅድም ደውላልኛለች።

ቀስ ብዬ ላውራ እንዴ? ግድ የለም፣ እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ሰው ማዳመጫ አድርጓል። አንዱን ጆሮውን ብቻ ነው ደግሞ፣ ሌላው ክፍት ነው... ቢሆንም ስለሱ አይደለም የማወራው! እኔ የሰው ስም አላነሳም፣ ታውቂኝ የለ። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ የአንዲት የማውቃት ሴት አማች ነው። እስክትጨርሺ ስለሱ ላጫውትሽ ብዬ ነው። ዓይን አይብላው እንጂ፣ እንደሱ ያለ ታጋሽ ሰው አይቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት አዲስ ጌም ተከፈተ አሉ። ይሄ ኦንላይን የሚሉት፣ ሰው ሁሉ ከያለበት ገብቶ አብሮ የሚጫወተው። ገና ከመከፈቱ የዓለም ሰው ግልብጥ ብሎ መጣና ሰርቨሩ ሞላ። ሰርቨር ምን እንደሆነ እኔ በየት በኩል አውቄ! እሱ ነው ያስረዳኝ፤ የሚጫወቱበት ቤት በይው። ቤቱ ሞላ፣ ደጅ የቀረው በወረፋ ይጠብቅ ተባለ። ይሄ የማውቀው ሰው ታዲያ ቁርስ ሳይቀምስ ተሰለፈ። ስክሪኑ ላይ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲቀንስ ፈገግ ይላል። ልክ ሊደርሰው ሲል ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ይልና ከወረፋው ጭራ ይጀምራል። ተቆጣ? አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም! «የመጀመሪያ ቀን እንዲህ ነው፣ ይስተካከላል» ነው የሚለው። ይሄው ሰው እኮ ሚስቱ ጥርሷን ታማ ክሊኒክ ሲሄዱ «ሰው በዛ» ብሎ መኪና ውስጥ ገብቶ የተኛ ነው። ያን ጊዜ ትዕግሥት የለውም ብለን አማነው። ለካስ እያጠራቀመው ነበር... ቆጣቢ ሰው ደስ ይለኛል።

እጁንስ አይተሽልኛል? ማለቴ፣ የዚያን የማውቀውን ሰው እጅ። ከማውሱ ላይ አይነሳም። ዝም ካልሽ «ይሄ ሰው እዚህ የለም» ብሎ ከወረፋው ያስወጣሻል አሉ። ስለዚህ እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ እያልሽ ነካ ነካ ማድረግ አለብሽ። እንዴት ያለ ጥሩ ነገር ነው በይኝ! ለትዳርም እንዲህ ያለ ቢሠሩልን ምን ነበረበት? ... አትሳቂ፣ ስፒሉ! ሚስቱ ከዚያ ከሩቅ ስትደውልለት «እየሰማሁሽ ነው» ይላታል። እሷ ደግሞ ከድምፁ ሥር የማውሱን ቀጭ ቀጭ ትሰማለች። እሱም ቢሆን ድምፅ ነው፣ ለናፈቀ ሰው አይናቅም። አንዳንዴም ለእናቷ ትነግራታለች።

ሥራውስ እንዳትዪኝ፣ እረፍት ወስዷል። ጌሙ የሚከፈትበትን ቀን እንደሰማ ነው ያስፈቀደው። መሥሪያ ቤቱም ሳያቅማማ «መልካም እረፍት» አለው፤ ደጎች ናቸው። አምና ሚስቱ ስትሄድ ግን መናኸሪያ ድረስ ልሸኛት ብሎ ግማሽ ቀን ቢለምን፣ ቢለምን፣ ሞተው ተገኙ ብሎን ነበር። እሷም ሻንጣዋን እየጎተተች በታክሲ ሄደች። አለቃው ተቀይሮ ይሆናላ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?

በስተኋላ አልረዘመብሽም? እሺ፣ እሺ፣ አልዞርም።

ታማኝነቱን ደግሞ ልንገርሽ። ሌላ ሰርቨር አለ አሉ፣ ወረፋ የሌለበት፤ ዘው ብሎ መግባት ነው። እኔ ሞኟ «ታዲያ እዚያ ገብተህ ተጫውተህ ለምን በጊዜ አትነሳም?» ብዬ ጠየቅኩታ። ጓደኞቹ እዚህኛው ላይ ናቸው፣ ትቷቸው አይሄድም። መልካቸውን አይቶ አያውቅም እኮ! አንዱ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ እንኳ አያውቅም። ግን ቃል ተገባብተዋል፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለጓደኛ መታደል ነው እቴ!

እዚያ ጌሙ ውስጥ የመረጠው ሥራ ምን እንደሆነስ ታውቂያለሽ? ልብ ያራራል። መንገደኛ አጃቢ ነው! ከሩቅ አገር የደከመ ሰው ሲመጣ ወጥቶ ይቀበላል፣ ሻንጣውን ይሸከማል፣ ከሽፍታ ጠብቆ ቤቱ ደጃፍ ያደርሳል። ምን እንዲህ ያለ ደግነት አስመረጠህ ብዬ ብጠይቀው «ሰው መንገድ ላይ ሲንገላታ ማየት አልወድም» አለኝ። እኔማ እንባዬ መጣ። ኩባንያውም ሰው አክባሪ ነው፤ በየደቂቃው ይቅርታ ይጠይቃል። «ስላስጠበቅናችሁ እናዝናለን» ይላል ስክሪኑ። ለጠበቁት ሁሉ ካሳ ይሰጣል አሉ፣ ነጭ ፈረስ፣ እዚያው ጌሙ ውስጥ የሚጋልቡት። አንድ ጠዋት ለጠበቀ ፈረስ ከሰጡ፣ ዓመት ለጠበቀችማ...

ተይው። ሌላ ጨዋታ ላምጣ። ያቺ የማውቃት ሴት ልጅ አለቻት፣ የዚያ ሰው ሚስት። ቀያሽ ናት እሷም፤ ቀያሽ በዝቷል ዘንድሮ። መሥሪያ ቤቷ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈልጓታል። እሺ ወይም እምቢ ማለት ያለባት ነገ ነው። ትናንት ለእናቷ ደወለችና «እማዬ፣ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከአውቶቡሱ ስወርድ እሱን ቆሞ ካየሁት አልመለስም። ካላየሁት ግን እፈርማለሁ» አለቻት። ለሱ እንዳትነግረው አስማለቻት። እናትየውም አልነገረችውም፤ መሐላ አታፈርስም። ቀሚሷን ለምታጥፍላት ሴት ብትነግር ግን መሐላዋ ውስጥ የለም። ድምፄ ከፍ አለ? ጆሮዬ ትንሽ ደከም ብሎ ነው። ካላየሁት እፈርማለሁ ነው ያለችው።

እዚህ ላይ አልቀልድም። እኔ ልጄ ናፍቃኛለች። ሌላ ሁለት ዓመት አልችልም። የሚለምኑት ቢሆን ኖሮ ከዚህ ወንበር ወርጄ እለምን ነበር። ግን ቁምልኝ ተብሎ የቆመ ሰው ለልጄ አልመኝላትም፤ እሷም ታውቅበታለች።

የመኪናው ቁልፍ ይሄው ከስክሪኑ ሥር ነው። መናኸሪያው ሩቅ አይደለም...

አየሽው? ዞረ! ማዳመጫውን አወለቀ። ዝም በይ፣ ሰምቷል። ተነሣ! ጌታዬ፣ ተመስገን... ጫማውን ሊፈልግ ነው መሰለኝ፣ አጎነበሰ።

አይ። ቻርጀሩን ሊሰካ ነው። ተቀመጠ። «ደቂቃ ብቻ» እያለ ነው፣ ሰማሽው? ባትሪው ዘግቶበት ከወረፋው ቢወጣስ ኖሮ? ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ይበል።

ጥሩንባ ነው እንዴ የምሰማው? እስቲ በመስኮቱ እይልኝ። ነጭ መኪና? እሱ ነው፣ ከታች ጋራዥ ያለው መካኒክ። አልጠራሁትም፣ ሙች ስልሽ! ትናንት በደጁ ሳልፍ «ነገ አይደል የምትመጣው?» አለኝ። ቀኑን ከየት እንዳወቀው... «መኪና ከቸገረዎት እኔ አለሁ» አለና፣ ይሄው በሰዓቱ ተገኘ። ያኔ ልጄን የጠየቋት ሁለት ነበሩ፣ አልነገርኩሽም? አንደኛውን መረጠች። ይሄኛው ቅር ሳይለው የሠርጓን መኪና ነዳላት። እስካሁንም አላገባም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም፣ ሰው በሰው ነገር ምን ያገባዋል? መኪናውን አጥቦታል? ሸሚዙንም ቀይሯል? እንግዲህ ደግ ነው፣ ልጄ ከአውቶቡስ ስትወርድ የለበሰ የታጠበ ሰው ቆሞ ታያለች።

ያልደረስሽበትን እንዲሁ በስፒል ያዢልኝ፣ ስመለስ ትሰፊዋለሽ። እጅሽን ስጪኝ፣ ልውረድ። ቦርሳዬ...

ምንድነው ይሄ ጩኸት? ገባ?! ኧረ እልል በይ! ተከፈተለት! ተመልከቺ ፊቱን፣ እንዴት እንደበራ። የሠርጉ ቀን እንኳ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም... ማለቴ ያ የማውቀው ሰው። አሁን ቢነሳ ወረፋው እንደ አዲስ ነው፣ እንዴት ብሎ ይነሳል? አይነሳም። እኔም ተነሣ አልለውም።

ልሂድ፣ ሰው ደጅ ላይ ማስቆም ነውር ነው። ግን ሳልመርቅ አልወጣም። አንቺ አሜን በይለት፣ እሱ እጁ ተይዟል። ያሰበው ሁሉ ይሳካለት። ከገባበት አያስወጣው። ጤናውን ይስጠው፣ ደስታውን አያጉድልበት። እሱ እንዲህ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ፣ ሚስቱ አጠገብ ቦታውን የሚይዝለት ደግ ሰው አያሳጣው።