ዘፋኝ የመጣ ማግስት

ሶዶ እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር ሁምቦ ተራራው ላይ የበቀለውን ደን ሊያዩ ለመጡ አውስትራሊያውያን አስተርጓሚ ተደረግኩላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ጊታር ያነገተ ሽማግሌ ነው፤ በወጣትነቱ ከግንባር ግንባር እየዞረ ለወታደሮች ይዘፍን ነበር አሉ። ጥላ ሥር ምሳ በልተን ጊታሩን መቃኘት ሲጀምር የደኑ ጠባቂ ጋሽ ላሊሶ ዱላቸውን ይዘው ብድግ! የቀድሞው ጦር ወታደር ነበሩ።

"መምህር፣ ይቅርብን በለው።"

"ምነው ጋሼ?"

"ሰሜን ሳለን የኪነት ቡድን መጥቶ ሲያስጨፍረን ካመሸ፣ ሲነጋ ማጥቃት ነው። እስከ ዛሬ ዘፋኝ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል!"

አብሮን የነበረው የአገሩ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሲስቅ እኔ ምን ብዬ ልቅር፣ እየሳቅኩ ተረጎምኩለት። ፈረንጁ ግን አልሳቀም። ጣቱን ክሩ ላይ እንዳደረገ፣ "እኛም ዘንድ እንደዚያው ነበር። እንዳይነጋባቸው ብዬ ነው ዘፈን ማስረዘም የለመድኩት" አለኝ።

ይህን ስተረጉም ሳቄ ከየት መጥቶ! ጋሽ ላሊሶ ዱላቸውን መሬት አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

"እንግዲያው ይዝፈን" አሉ፤ "ግን እንዳያሳጥር በለው።"