በሐመሩ «ሐ» የተዘጋ በር

ደረጃ ላይ የተገናኘ ጎረቤት ወሬው ማጠር አለበት፤ «እንደምን አደሩ»፣ «ደኅና»፣ አለቀ። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ከላይ ስወርድ ጋሼን አገኘኋቸው፤ የኢንተርኔቱን ሣጥን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ገመዱ ከኋላቸው ደረጃውን እየጠረገ ይወርዳሉ። ይህን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ለእኔ ዓይነቷ ሴት አልተፈጠረም።

«ጋሼ፣ ምነው? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፣ ልመልሰው ነው» አሉኝ። «የማይረባ ነገር ቤቴ አይቀመጥም።»

ለማያውቋቸው ልንገር። ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጋዜጣ አራሚ ነበሩ። እኛ ጎረቤቶቻቸው ከኋላቸው «ቀይ እስክሪብቶ» እንላቸዋለን፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ደስም ይላቸዋል። በሕንፃችን መግቢያ «ነገ ውሃ ይጠፋል» የሚል ማስታወቂያ ጠዋት ከተለጠፈ፣ ከሰዓት በኋላ «ውሃ» በቀይ ተሰርዞ «ውኃ» ተብሎ ይገኛል። ውኃው ግን ታረምኩ ብሎ አይቀርም፣ ይጠፋል።

ባለቤታቸውን ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን በጤና ጣቢያ የሕፃናት ነርስ ሆነው ሠርተዋል። በዚህ ሠፈር እሳቸው ያልመከሯት እናት ብትኖር ትናንት የገባች ተከራይ ናት። ምክራቸው ሁሉ ታዲያ በአፍ ነበር። አምና ጉሮሯቸውን ታመሙና በቀዶ ሕክምና ዳኑ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ ድምፃቸው ግን አልተረፈም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ማጽናኛ ሲጠፋው «አይዞዎት፣ ዝምታ ወርቅ ነው» ይላቸዋል። ሲስተርም አንገታቸው ላይ በሚያንጠለጥሏት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ «ወርቁን ለእናንተ» ብለው ጽፈው ያሳዩታል። ያኔ እንሥቅ ነበር። በኋላ ግን ሰሌዳዋም ባዶዋን መዋል ጀመረች፤ ይሄኔ ፈራን።

የእኅታቸው ልጅ በኮምፒውተር ሥራ የምትተዳደር ጎበዝ ናት። የአክስቷ ነገር አላስተኛትምና ብሎግ የሚሉትን የኢንተርኔት ገጽ ከፈተችላቸው፤ በአፍ ይሉት የነበረውን በጽሑፍ እንዲሉት። ሲስተር ጻፉ፣ ጋሼ አረሙ፣ ርእስም ሰጡ። ወራት አለፉ፣ አንባቢ የሚባል ዝር አላለም።

«ትናንት ሰሌዳዋ ላይ ‹በቃኝ፣ መልሰው› ብላ ጻፈች» አሉኝ ጋሼ። ይህን ሲሉ እኚያ ቆፍጣና ሰውዬ ድምፃቸው ተሰበረ።

ሣጥኑ ሄደ ማለት እኮ ሲስተር ዳግመኛ ለማንም ምንም ላይሉ ነው! ገመዱን በጫማዬ ረገጥኩት።

«ልጅቷ የት ናት?»

«ላይ ናት። ከነጋ ጀምሮ ስትለማመጠኝ ነው።»

«እንግዲያው ይመለሱ። ሰምተዋት ካልረኩ ሣጥኑን እኔ ራሴ አደርስልዎታለሁ።»

ሳሎናቸው ስንገባ ሲስተር መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ወደ መንገዱ ያያሉ። ልጅቷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታለች።

«ቲቸር፣ እንኳን መጡልኝ!» አለች። መምህር ስለሆንኩ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ጋሼ እኮ እኔን መስማት ትተዋል።»

ጋሼ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። «ልጄ፣ የእኔ ጥያቄ አጭር ነው። ጽሑፉ ጥሩ ነው? ጥሩ ነው። ቋንቋው ንጹሕ ነው? እኔ አርሜዋለሁ። ታዲያ ሰው ለምን አይመጣም? መሣሪያው የማይረባ ስለሆነ ነው! በነጻ የተገኘ ነገር ወጉ ይኸው ነው። ስሙስ ቢሆን፣ ‹ክፍት ምንጭ› አልሽኝ። ክፍት ምንጭ ማለት ከብት ሁሉ ገብቶ የሚያደፈርሰው ማለት አይደለም?»

«ጋሼ፣ ምንጭ የሚደፈርሰው የሚጠርገው ሲያጣ ነው። የዚህኛው ጠጪዎች ራሳቸው ጠራጊዎች ናቸው። ብሎጉ የቆመበት ሶፍትዌር እንዴት እንደ ተሠራ ማንም ባለሙያ ገልጦ ያያል፤ ቀዳዳ ያገኘ ይደፍናል፣ የደፈነበትንም ለሁሉ ያካፍላል። ደግሞ ነገ አንዱ ባለቤት ነኝ ባይ ተነሥቶ ‹ዘግቻለሁ፣ ጽሑፋችሁንም ወስጃለሁ› ሊለን አይችልም። ሌላ ቦታ መሄድ ብንፈልግ ጽሑፋችንን ጠቅልለን፣ አድራሻችንን ይዘን እንሄዳለን። የራስ ቤት ይበሉት።»

«ታዲያ በራሴ ቤት እንግዳ ያጣሁት ለምንድነው?»

«እሱን እኮ ነው እስቲ ልይ የምልዎት» አለችና የብሎጉን ማስተካከያ ከፈተች። ትንሽ ወረድ እንዳለች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ ጉዴ! ይህን ማን ነካው?»

ጠጋ ብዬ አየሁ። «የመፈለጊያ ሞተሮች ይህን ብሎግ እንዳያሳዩ ጠይቅ» ከሚል መስመር ጎን ምልክት ተደርጓል፤ ሰው በኢንተርኔት ሲፈልግ ብሎጉን እንዳያገኘው ማለት ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ምንም ሳያፍሩ። «እርማቱ ሳያልቅ ጽሑፍ ከማተሚያ ቤት አይወጣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሲያልቅ አነሣዋለሁ ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እርማት ያልቃል እንዴ?»

ሣቄ አመለጠኝ። ሲስተር ግን ከመስኮቱ ዞረው ባላቸውን ትክ ብለው አዩአቸው። ከዚያ ሰሌዳቸውን አነሡና «አንተ!» ብለው ጻፉ። ሌላ አልጨመሩም፤ መጨመርም አያስፈልግም ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «እሺ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምልክቱን አንሺው። በር ዘግቶ እንግዳ ቀረብኝ ማለት አያምርም። እንግዲህ አሁን ይመጣሉ?»

እዚህ ላይ ልጅቷ «አዎ» ብላ ብታልፍ ኖሮ ሁላችንም በሰላም ወደ ጉዳያችን በሄድን ነበር። ግን እውነት ካልተናገረች የሚያማት ልጅ ናት።

«በሩስ ተከፈተ» አለች፤ «በሩ ላይ የተጻፈውን ግን የሚያውቀው የለም። አክስቴ ጡት እምቢ ስላለ ሕፃን የጻፈችው፣ ርእሱ ምን ነበር?»

«‹የነጩ ምንጭ ምሥጢር›» አሉ ጋሼ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ሰም አለው፣ ወርቅ አለው!»

«ጋሼ ይሙት፣ ይህን የሚፈልግ ሰው ቢኖር የውኃ መሐንዲስ ነው!»

«አትቀልጂ! አንባቢ ትንሽ ማሰብ አለበት።»

«በአንድ እጇ የሚያለቅስ ልጅ፣ በሌላው ስልክ የያዘች እናት ወርቅ የምትቆፍርበት ጊዜ አላት? የጨነቃትን እንዳለ ነው የምትጽፈው። መፈለጊያው ደግሞ ቅኔ አይፈታም፤ እሷ የጻፈችውን የሚመስል ነው ይዞላት የሚመጣው። ስለዚህ ርእሱ የእሷ ጥያቄ ይሁን። መልሱም ከመጀመሪያው አንቀጽ ይጀምር እንጂ መግቢያና ምስጋና አይቅደመው። አንዱ ገጽ አንድ ጥያቄ ይመልስና ወደሚቀጥለው መንገዱን ያሳያት። ፎቶዎቹም ይቅለሉ። ኔትወርኳ ደካማ ከሆነ ገጹ እስኪከፈትላት ልጇ ጥርስ ያበቅላል!»

«ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ ነው የምትይው?»

ልጅቷ ስልኳን ለእኔ አቀበለችኝ። «ቲቸር፣ የልጅ ልጅዎ ጡት እምቢ ቢል ምን ብለው ይፈልጋሉ? ብዙ ሳያስቡ ይጻፉ።»

ጻፍኩ። ጋሼ ከትከሻዬ በላይ አንገታቸውን አስግገው አነበቡ፦ «ህጻን ጡት እምቢ ሲል ምን ይደረጋል»።

«በሀሌታው ሀ?» አሉ። «በጸሎቱ ጸ? መምህር ሆነሽ!»

«ጋሼ፣ ስልኩ አስቀድሞ ያመጣልኝን ነው የነካሁት» አልኩ፣ ጆሮዬ እየጋለ። «በችኮላ ጊዜ አውራ ጣት ፊደል አይመርጥም።»

«ሕፃን በሐመሩ ሐ፣ በፀሐዩ ፀ ነው! ይህን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ያውቀዋል!»

«ልክ ነዎት» አለች ልጅቷ ረጋ ብላ። «ግን ቲቸር እንኳ እንዲህ ከጻፉ ሌላዋ እናት እንዴት ትጻፍ? መፈለጊያው አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸው ይገባዋል፣ አንዳንዴ አይገባውም። በእሱ ላይ ተማምነን እንቀመጥ? እናትየዋ በሀሌታው ሀ ታንኳኳለች፣ እርስዎ በሐመሩ ሐ ቆልፈው ተቀምጠዋል።»

ጋሼ ተነሡ። «እና ስሕተት በገዛ እጄ ልጻፍ? ዕድሜዬን ሙሉ ስሰርዘው የኖርኩትን?»

ልጅ ነገር ሲያውቅ እንዲህ ነው፣ አልተቆጣችም። «ጽሑፉ በእርስዎ ፊደል ይቆይ፤ አንዲት ነጥብ አልነካም። ከላይ ብቻ የእናቶቹን ጥያቄ እነሱ እንደሚጽፉት እናስቀምጥ፣ በትእምርተ ጥቅስ። ‹ህጻን ልጄ ጡት እምቢ አለኝ›፣ ‹ሕጻን ጡት አልጠባም ሲል›። ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፤ የሰው ቃል በጥቅስ ውስጥ ይታረማል?»

አራሚው በገዛ ሕጋቸው ተያዙ! «ይህ... ይህ ብልጠት ነው» አሉ። «ነገ ልጆች ያንን አይተው ቢማሩበትስ?»

ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፣ ይህን ለእሳቸው መመስከር አለብኝ። ቋንቋ ጠባቂ ካጣ ያልቅለታል። ግን ለመጠበቅም ልክ አለው፤ ዘበኛ በር ላይ የሚቆመው ሌባ እንዳይገባ እንጂ በሽተኛ እንዳይገባ አይደለም። ይህን ልላቸው አሰብኩ፤ ሲስተር ቀደሙኝ። ሰሌዳቸው ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ተነሥተው ሄዱና ባላቸው ዓይን ሥር ያዙት። እንዲህ ይላል፦ «ጤና ጣቢያ የመጣችን እናት አነጋገር አርሜ አላውቅም። ልጁን ነበር የምቀበላት።»

ጋሼ አነበቡት። ደግመው አነበቡት፤ እንደ ልማዳቸው የሚታረም የሚፈልጉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሣጥኑን ከፌስታሉ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ይህን የሚሰካው ማን ነው?» አሉ።

ተረቱ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል። ደግነቱ ጋሼን የመከራቸው መከራ ሳይሆን ሚስታቸው ናቸው።

ያን ሰሞን የሁለቱ ቤት የጋዜጣ ዝግጅት ክፍል መሰለ። ሲስተር እናቶች በር ላይ ቆመው ይጠይቋቸው የነበረውን እያስታወሱ ይጽፋሉ፤ «ልጄ ማታ ማታ ያለቅሳል»፣ «እትብቱ አልደረቀም»፣ «ወተቴ አልበቃ አለ»። ጋሼ ቅኔያቸውን ሁሉ ከርእስ አውርደው በጥያቄ ይተካሉ፤ ሲተኩ ጥርሳቸውን ቢነክሱም ይተካሉ። ልጅቷም ለየፎቶው ምን እንደሚያሳይ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ታስገባለች፣ የየገጹን አድራሻ ታሳጥራለች። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ብቅ አለ። ከዚያ ከማናውቀው ከተማ፣ ከባሕር ማዶም ሳይቀር ይመጡ ጀመር። ዛሬ ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ «የጠበበ ሱሪ እንዴት ይሰፋል» የሚል ገጽ አለው፤ ቁልፍ ሠሪውም ጀምሯል። አስተማሪያቸው ማን መሰላችሁ? ጋሼ! «ርእስህ የደንበኛህ ጥያቄ ይሁን» እያሉ በየሱቁ ይዞራሉ። የምታውቁትን በልባችሁ ይዛችሁ ለምትኖሩ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ዕውቀታችሁን በራሳችሁ ቤት አኑሩት፣ በሩንም ክፈቱት፤ ከሁሉ በፊት ግን የጠያቂውን አፍ ስሙ፣ በእሱ ቃል ጥሩት። እናንተ ስታልፉ እንኳ የሚያንኳኳ መልስ አያጣም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቤቴ በር ደወል ያለማቋረጥ ጮኸ። ጋሼ ናቸው፣ በነጠላ ጫማ። «ነይ፣ ነይ ቶሎ!» ብለው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተመለሱ። ደንግጬ ተከተልኳቸው።

አንዲት እናት የዘጠኝ ቀን ልጇ ጡት እምቢ እንዳላት ብሎጉ ላይ ጽፋ ነበር። ሲስተርም ልጁን ራቁቱን ደረቷ ላይ እንድታስተኛው፣ እንዳትታገለው፣ እስኪለምድ ወተቷን አልባ በንጹሕ ስኒ በጥቂት በጥቂቱ እንድትሰጠው፣ ከደከመ ወይም ሽንቱ ካነሰ ግን ወዲያው ወደ ሐኪም እንድትሮጥ መልሰውላታል። አሁን መልእክት መጥቷል። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች፣ ሲስተር ከኋላዋ ቆመዋል። ጋሼ ጮክ ብለው አነበቡልን፦

«ሲስተር ያሉኝን አረኩ ህጻኑ ጠባ ሆዱ ሞልቶ ተኛ እግዜር ይስጥልኝ»

ነጥብ የለው፣ ሰረዝ የለው። ልጅቷ ዞራ በተንኮል አየቻቸው። «ጋሼ፣ ‹አረኩ› ትላለች፤ ‹አደረግሁ› አይባልም? ‹ያሉኝን›ስ? አክስቴ ጻፈችላት እንጂ አላለቻት። ይታረም?»

ጋሼ ሚስታቸውን ነበር የሚያዩት። ሲስተር እጃቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ «ያሉኝን» የምትለዋን ያቺን አንዲት ቃል ደጋግመው ያነባሉ።

«አይታረምም» አሉ ጋሼ። «ልክ ነው የጻፈችው።»