ወይፈን የመታው ጥርስ

ያሳረረችኝ የሐራዋ ከድጃ ናት። የልጄን ልጅ ሐያትን ለልጇ ለአህመድ ለሚስትነት ልታይ፣ እሱንም ይዛ መርሳ እቤቴ ድረስ መጥታ፣ ምሳዬን በልታ እጇን እንኳ ሳታደርቅ፣ «እማማ፣ ልጅቱስ ቆንጆ ነበረች። ግን ከመሐለኞቹ ጥርሶቿ ግራና ቀኝ ያሉት እንደ ሩዝ ፍሬ ቀጥነው ሾለዋል። በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ጥርስ የለም፤ ለልጅም ይተላለፋል» አለችኝ። ሐያት ሻሿን አፏ ላይ ጎትታ ጓዳ ገባች። አህመድን ትወደዋለች፤ የማላውቅ መስሏታል።

አህመድ ከገባ ጀምሮ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀምጧል፤ እኔ ጨዋ ነው ብዬ ወድጄለት ነበር። «አንተስ፣ አፍህንም የምትከፍትልህ እናትህ ናት?» ስለው ሳቅ አመለጠው። ወላሂ፣ የሱም ጥርሶች ግራና ቀኝ ቁርጥ የሐያትን ናቸው። ከድጃ ፈጠን ብላ፣ «እሱን እንኳ በልጅነቱ ወይፈን መትቶት ነው» አለች።

«ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ የሚሞርድ ወይፈን ካላችሁ ለእኔም ፈልጉልኝ» አልኳት። ልጇን አስነስታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ሐራ ወረድኩና አህመድን ከሚሠራበት ሱቅ ደጃፍ አገኘሁት። «ሽማግሌ ላክ፤ እናትህ ግን ቤቷ ትዋል» አልኩት።