የወፈረ ምርጊት

በዚያ ከሰዓት በኋላ በጡብ ማምረቻው ግቢ በር ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ የግቢው ባለቤት፣ የወንድማቸው ልጅ፣ የሟቹ ጭቃ ረጋጭ ሚስትና ጡብ ደርዳሪው እኔ። ጭቃ ረጋጩ ከተቀበረ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ፀሐይዋ ገና ከአናታችን ዘንበል ማለቷ ነው።

ባለቤቱን ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ ረመጥ» ይላቸዋል። ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው የበረደ አመድ ይመስላሉ፤ የነካቸው ግን ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን በእቶን አፍ የጨረሱ፣ ቅንድባቸው በወላፈን ተለብልቦ ዳግም ያልበቀለ ሽማግሌ ናቸው። ያን ቀን እሳቸው መጥረቢያ በትከሻቸው፣ እኔ ገመድ በእጄ ይዘን ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ተዳፋት ልንወጣ ነበር። ተዳፋቱ ላይ የቀሩትን ጥቂት ትልልቅ ዛፎች ጥለን ለሚቀጥለው እቶን ማገዶ ልናደርጋቸው አስበናል። ከእነዚያ ዛፎች በቀር በአካባቢው ጥላ የሚባል ነገር የለም።

በሩን ስንከፍተው የወንድማቸው ልጅ ሊያንኳኳ እጁን እንዳነሳ ከፊታችን ቆሞ አገኘነው። የአየር ጠባይ በሚለካበት ጣቢያ የሚሠራ፣ ብዙ የተማረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነው። በዚያ በኩል ለሌላ ጉዳይ ሲያልፍ የሰውየውን ሞት ሰምቶ ጎራ ማለቱ ነበር።

«አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ነፍስ ይማር፤ ዘግይቼ ሰማሁ» አለ ጎንበስ ብሎ።

«አሜን። ግባ። አልቀመጥም እንጂ ተቀመጥ እልህ ነበር፤ መጥረቢያ የያዝኩት ለሰላምታ አይደለም።»

«ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ፣ ወደ ዛፎቹ።»

«ወደ እነዚያ ትልልቆቹ? ለምን?»

«ለምን ትለኛለህ? ጡብ በምክር አይበስል!»

ይህን ሲባባሉ የሟቹ ሚስት ደረሰች። ጥቁር ለብሳለች፤ ከንፈሯ በጥም ተሰነጣጥቋል። ሰላምታዋን አጭር አድርጋ የመጣችበትን ተናገረች።

«ጋሼ፣ የባሌ ቦታ ሰው ካልገባበት ለእኔ ይሁን። ጭቃ መርገጥ አያቅተኝም። ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ ይሻለኛል።»

ጋሼ ረመጥ ዓይናቸውን ወደ መጥረቢያው እጀታ አደረጉ። «ቦታውስ አለ። ነገ ነይ። ሥራው ግን ያው ነው፤ እኩለ ቀን አይል፣ ሙቀት አይል።»

«አጎቴ፣ ሰውየው የሞተው እኮ እኩለ ቀን ላይ ሲሠራ ነው» አለ የወንድማቸው ልጅ።

«ፀሐይ ነው የገደለው!» አሉ በቁጣ። «ፀሐይዋን ደግሞ እኔ አልሠራኋትም። አባቴ እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ፣ በዚህችው ፀሐይ፣ እኩለ ቀን ላይ ጭቃ ሲረግጥ ኖሮ አርጅቶ በአልጋው ላይ ነው የሞተው።»

«ለእሱም ይህንኑ ነው ያሉት አሉ» አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ሳትጨምር።

ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ማንም ግን በአፉ ያላወጣውን ነገር ለአንባቢ መንገር አለብኝ። በዚያ ቀን ጭቃ ረጋጩ ከጉድጓዱ ወጥቶ «ጋሼ፣ ራሴን አዞረኝ፤ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ነበር። እሳቸውም «ፀሐይዋ ያችው ያባቴ ፀሐይ ናት፤ ግፋ» አሉት። ተመልሶ ገባ፤ ከዚያ በሰው ሸክም ወጣ። እንግዲህ የዚያን ቀን ፀሐይና ሙቀት እንደ አባታቸው ዘመን ካልሆነ፣ የሰው ነፍስ ትከሻቸው ላይ ሊወድቅ ነው። ሽማግሌው የተከራከሩት ስለ አየር ጠባይ ብቻ አልነበረም።

የወንድማቸው ልጅ በበሩ አጠገብ ባለችው ጥቁር ጓል ላይ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ። «አጎቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ጥቂት እንነጋገር። ዛፉ የትም አይሄድም።»

«ተናገር፤ ትምህርት ቤት የላክንህ ለዚህ አይደል? ግን አንድ ነገር ልንገርህ። አያቴ ያጫወቱኝ አለ። ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ደርቆ፣ ከብቱ አልቆ፣ ሰው የተሰደደበት ዘመን ነበር። ያኔ መኪና የለ፣ ፋብሪካ የለ። ማን አሞቀው? ተፈጥሮ ነው። ትሞቃለች፣ ትበርዳለች፤ ጠባይዋ ነው።»

«እውነት ነው፤ ጠባይዋ ነው። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድና የምታዘነብልበት አኳኋን በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለወጣል። በዚያ ሰበብ ብዙው ምድር በበረዶ የተሸፈነበት ዘመን ነበር፤ ደግሞ ቀልጧል። ፀሐይም ራሷ በጥቂቱ ትደምቃለች፣ በጥቂቱ ትደበዝዛለች። ትልቅ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ጭጋጉ ሰማዩን ጋርዶ ምድርን ለአንድ ሁለት ዓመት ያቀዘቅዛል። የውቅያኖስ ውሃ ሙቀትም ይለዋወጣል፤ አንዱን አገር ሲያስጠማ ሌላውን ያጥለቀልቃል። አያትዎ የነገሩዎት ድርቅ ከእነዚህ በአንዱ የመጣ ሊሆን ይችላል።»

«ይኸው! በገዛ አፉ መሰከረ!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «ገመዱን አንሳ፤ ነገሩ አለቀ።»

ገመዱን አነሳሁ።

«ወንድሜ፣ ጥቂት አስቀምጠው» አለኝ የተማረው። አስቀመጥኩት።

«ዛፉ ሳይወድቅ ይህ ሰው በገመድ ማንሳት ሊወድቅ ነው» አለች ሴትዮዋ። ከቀብሩ ወዲህ ስትቀልድ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ፊቷ ግን አልሳቀም።

«አጎቴ፣ ይህች የተቀመጥኩባት ምንድን ናት?»

ጋሼ ረመጥ አፈሩ። «ጡብ ነበረች» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥሬውን ጡብ እንደ ቤት አድርገን እንደረድረዋለን፤ ከሥሩ የእሳት አፍ እንተውለታለን፤ ውጭውን ደግሞ ዙሪያውን በጭቃ እንመርገዋለን። ያ ምርጊት ሙቀቱ ቶሎ ወጥቶ እንዳይጠፋ ይይዘዋል። አምና ጋሼ ረመጥ ሙቀት ላለማባከን ብለው ምርጊቱን እጥፍ አስደረጉት፤ አናቱ ላይ የሚተወውንም መተንፈሻ አስደፈኑ። እቶኑን ስንከፍተው የመሃሉ ጡብ ሁሉ ቀልጦ፣ ተጣብቆ፣ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጓል ሆኖ ጠበቀን። ከዚያ መካከል አንዷን በር ላይ አምጥተን መቀመጫ አደረግናት። ማንም ስለ እሷ አያነሳም።

«ያን ጊዜ ማገዶ ጨምረው ነበር?» ሲል ጠየቀ የወንድማቸው ልጅ።

«አንዲት ፍልጥ አልጨመርኩም! ያው የወትሮው ነው። እሳቱን ምን አድርግ ትለዋለህ? ምርጊቱ ነው እንጂ!»

«እሳቱ ሳይጨምር ጡቡ ቀለጠ?»

«ሳይጨምር አልኩህ እኮ! ይህን ሁሉ ተምረህ ጆሮህ አይሰማም እንዴ? ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ…»

እዚህ ላይ አቆሙ። አፋቸው እንደተከፈተ ወደ ሰማይ አዩ፤ ሰማዩ ነጭ ነበር።

«ምድርም ምርጊት አላት» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «በአየሩ ውስጥ ያሉ የማይታዩ ጋዞች ናቸው። ከፀሐይ የመጣው ሙቀት ተመልሶ ቶሎ እንዳይወጣ ይይዙታል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም በብርድ ባለቅን።»

«ያለ ምርጊትማ ጡብ ጥሬ ነው» አሉ፣ ሳይፈልጉ።

«አዎ። ክፋቱ መወፈሩ ነው። ከሰል፣ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ከስንት ሺህ ሺህ ዓመት ጀምሮ መሬት ውስጥ ተቀብረው ነበር። የሰው ልጅ አወጣቸው። በመኪና፣ በፋብሪካ፣ በኤሌክትሪክ ማመንጫ ያነዳቸዋል። ጭሱ ለዓይን ይጠፋል እንጂ ከውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይጠፋም፤ ላይ ሆኖ ምርጊቱን ያወፍራል። ዛፍ ደግሞ ያን ጋዝ ስቦ በግንዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስንቆርጠውና ስናነደው ያስቀመጠውን መልሰን እንለቀዋለን፤ የሚስበውንም እናጣለን። በአንድ መጥረቢያ ሁለት ጊዜ እንጎዳለን።»

ሽማግሌው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። «ኧረ ተው! የእኔ እቶን ናት ዓለሙን ያሞቀችው በለኛ! በየአገሩ ጭሱን እንደ ተራራ የሚቆልለውን ፋብሪካ ትተህ እኔ ዘንድ መጣህ? የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ማለት ይህ ነው።»

«ልክ ነዎት። አብዛኛውን ያወፈሩት ሀብታሞቹ ናቸው፤ ተጠያቂነቱም በእነሱ ይብሳል። የእነሱን ሸክም ይሸከሙ አላልኩም። ሆኖም እቶኑን ከሥር ስናነድ የኖርነው ሁላችንም ነን። ደግሞም ዛፎቹ ከወደቁ መጀመሪያ ጥላ የሚያጣው የሩቁ ባለፋብሪካ አይደለም።»

«የፀሐይዋ እሳት ጨምሮ ቢሆንስ? እቶኔን አውቃለሁ። ፀሐይን ግን እኔም አላውቃት፣ አንተም አታውቃት።»

«እቶንዎ ከመጠን በላይ ሲሞቅ፣ እሳቱ በዝቶ ይሁን ምርጊቱ ወፍሮ በምን ይለዩታል?»

«በመዳፌ ነዋ! እሳት ሲበዛ ውስጡም ውጭውም ይፋጃል። ምርጊት ሲወፍር ግን ውስጡ እየነደደ ውጭው ይቀዘቅዛል። አምናም ግድግዳውን ስዳስሰው ቀዝቅዞብኝ፣ እሳቱ የሞተ መስሎኝ ነበር የተታለልኩት።»

«እኛም መዳፍ አለን፣ አጎቴ። መለኪያ መሣሪያ በፊኛ ወደ ላይ እንልካለን። ፀሐይዋ በርትታ ቢሆን ኖሮ ላይኛውም ታችኛውም አየር በሞቀ ነበር። መሣሪያዎቹ ለብዙ ዓመታት የነገሩን ሌላ ነው፤ እኛ ያለንበት ታችኛው አየር ሲሞቅ፣ ከበላይ ያለው አየር ቀዝቅዟል። የፀሐይንም ብርታት ስንለካው ኖረናል፤ አልጨመረም።»

ጋሼ ረመጥ መጥረቢያውን ከትከሻቸው አውርደው የቀኝ መዳፋቸውን አዩ። የጠቆረ፣ የተሰነጣጠቀ መዳፍ ነው። ሰው ሲነግራቸው ላያምኑ ይችላሉ፤ መዳፋቸውን ግን ዋሽቷል ብለው አያውቁም። እውነት ወደ ሽማግሌ ልብ የምትገባው ብዙ ጊዜ በራሱ ሙያ በር በኩል ነው።

ሴትዮዋ ወደ ፊት ቀረበች። ወደ ተማረው ዞራ፣ «አንተ ይህን ሁሉ ታውቅ ኖሮ የት ነበርክ?» አለችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።»

ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ እውነትሽን ነው። ስንለካ እንውላለን፤ ወጥተን የምንናገረው ግን ጥቂት ነው።»

«እንግዲያስ ንገረኝ። ባሌን ይህ የምትለው ምርጊት ገደለው?»

«ያቺን አንዲት ቀን ነጥዬ በእርግጥ ነው ልልሽ አልችልም። ብርቱ ሙቀት ድሮም ነበር። ነገር ግን እንዲያ ያለው ቀን ድሮ አልፎ አልፎ ይመጣ ነበር፤ አሁን ይደጋገማል፣ ይበረታል። ሌሊቱም አይበርድም፤ ሰውነት ሳያርፍ ይነጋል። ጥላና ውሃ አግኝቶ፣ እኩለ ቀን ላይ አርፎ ቢሆን ግን…» አልጨረሰውም።

ጋሼ ረመጥ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አቧራው ላይ፣ እንዲያው።

«ልረፍ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ያባቴ ፀሐይ ናት አልኩት። ግፋ አልኩት።»

«ሰምቻለሁ» አለች።

ይቅር አልኩዎት አላለችም። እሳቸውም አልለመኗትም። የምታነባ መስሎኝ ዓይኔን ወደ ገመዱ አደረግሁ፤ ቀና ስል ግን ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ጋሼ። የነገውን ይንገሩኝ። ነገ እኔን በስንት ሰዓት ነው የሚያስገቡኝ?»

ሽማግሌው «ጎህ ሲቀድ» አሉ። «ሙቀቱ ሳይበረታ ትወጫለሽ። እኩለ ቀን ላይ እዚህ ግቢ ሰው ጉድጓድ አይገባም። እኔም ብሆን።» ከዚያ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ዛፎቹንስ ተውኳቸው። ጡቡን ግን በምን ላብስለው? ረሃብም እኮ ይገድላል።»

አሁን ጥያቄው የክርክር አልነበረም፤ መላ የሚሻ ሰው ጥያቄ ነበር። የወንድማቸው ልጅም እንደዚያው መለሰ። በየጊዜው አፍርሰው ከሚደረድሩት እቶን ይልቅ ጎረቤት ጡብ ሠሪዎች ተባብረው ባለ ጭስ ማውጫ ቋሚ እቶን ቢሠሩ፣ የበሰለው ጡብ ሙቀት ጥሬውን እያሞቀ ማገዶው በብዙ ይቀንሳል። አናጺዎች የሚጥሉት ሰጋቱራና ከወፍጮ ቤት የሚወጣው ገለባ ለማንደጃ ይሆናል። ማገዶው ሲያንስ ወጪው ያንሳል፤ ጭሱ ሲያንስ የሠራተኛው ሳል ያንሳል። ዛፎቹ ከቆሙ አፈሩን ይይዛሉ፣ ውሃ ያሰርጋሉ፣ ጥላ ይሰጣሉ። በጠዋት የሚሠራ ሰው ደግሞ ሳይታመም ውሎ የሚያመርተው ጡብ፣ በቀትር እየተዝለፈለፈ ከሚያመርተው ይበልጣል።

«ትልልቆቹንስ ማን ይጠይቅ?» አሉ ጋሼ ረመጥ።

«እኛው ነን። መጥረቢያ ያልያዘ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ቃሉ ይከብዳል።»

«ይህን ሁሉ ብናደርግ የድሮው አየር ይመለሳል?»

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ሊያጽናና የመጣ ሰው ነበር፤ ውሸት ግን አልሆነለትም። «በእኛ ዕድሜ አይመለስም፣ አጎቴ። ይህ ምርጊት በአንድ ጀንበር አይፈርስም። ማወፈሩን ከተውን ግን ባለበት ሊቆም ይችላል። ካልተውን…» በጣቱ የተቀመጠባትን ጥቁር ጓል መታ አደረጋት። እንደ ብረት ጮኸች።

ጋሼ ረመጥ ተነሡ፤ መጥረቢያውን ለእኔ ሰጥተው «አስገባው» አሉኝ። ሴትዮዋ ባሏ ይሠራበት ወደ ነበረው ጉድጓድ ሄዳ ከዳር ቆማ አየችውና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መጥታ ጭቃ መርገጥ ጀመረች። ጥቁሯን ጓል አንከባልለን ዛፎቹ ሥር ወሰድናት። በዚያ በጋ ሙቀቱ ካምናው ባሰ። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ከመካከላችን የሞተ ሰው የለም።