ሽማግሌ ከመላክ በፊት የሚነበቡ ሦስት መጽሐፎች

(ደብረ ማርቆስ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ጋሽ ተድላ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ረድኤትን ለማግባት የሚፈልገው መካኒኩ ዳምጠው ሦስት መጽሐፎች ታቅፎ ፊታቸው ቆሟል።)

ጋሽ ተድላ፦ ሽማግሌማ ማንም ይልካል። እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው። ሦስት መጽሐፍ ሰጥቼህ፣ አስተያየትህን ሳልሰማ ለሽማግሌዎችህ በሬን አልከፍትም አልኩህ። አልኩህ አላልኩህም?

ዳምጠው፦ ብለውኛል ጋሼ። ግን ለእሁድ ተነግሯቸዋል። አጎቴ ነገ ከቡሬ ይገባል። አንደኛው ሽማግሌ እንዲያውም ኮቱን ላውንደሪ ሰጥቷል።

ጋሽ ተድላ፦ ኮቱ ይጽዳለት፣ ምን ከፋ? አንተ ተቀመጥና ንገረኝ። ከቀላሉ እንጀምር። የወንጀሉ ልቦለድ እንዴት ነው?

ዳምጠው፦ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ግን ገዳዩ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይታወቃል።

ጋሽ ተድላ፦ በምን?

ዳምጠው፦ በዚያ ዝናብ ሁሉም ጫማው በጭቃ ተለውሶ ሲገባ የሱ ብቻ ንጹሕ ነው። ይቺን ከጻፈ በኋላ ደራሲው ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ሊደብቀን የለፋው በከንቱ ነው።

ጋሽ ተድላ፦ እኔ እስከ መጨረሻው አላወቅሁትም።

ዳምጠው፦ እንግዲህ… ጫማ የማያይ ሰው ላያውቀው ይችላል።

ጋሽ ተድላ፦ አታባብለኝ። የዳኛው የሕይወት ታሪክስ?

ዳምጠው፦ ሰውየው ሲጽፉ ጎበዝ ናቸው። ችግሩ፣ ሌላው ላይ ሲፈርዱ አንቀጽ ይጠቅሳሉ፤ የራሳቸው ጥፋት ጋ ሲደርሱ ይቅርታ ያበዛሉ። ሚስታቸው ደግሞ በአራት መቶ ገጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚነሱት። አንዴ ሲዳሩ፣ አንዴ ሲታመሙ።

ጋሽ ተድላ፦ ይሄን ሁሉ ቆጥረሃል?

ዳምጠው፦ ተቆጥሯል።

ጋሽ ተድላ፦ ተቆጥሯል? እሺ። አሁን ወደ ወፍራሙ ልቦለድ እንምጣ። ለሚወዳት ሴት አሥራ ሰባት ዓመት ደብዳቤ እየጻፈ አንዱንም ያልላከው ሰው ታሪክ። ስድስት ጊዜ አንብቤዋለሁና አስበህ ተናገር።

ዳምጠው፦ ጋሼ፣ በዚህኛው ይለፉኝ።

ጋሽ ተድላ፦ አላልፍህም።

ዳምጠው፦ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ቢያስገባው ኖሮ መጽሐፉ በሃያ ገጽ ያልቅ ነበር። እሱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ እሷ ብቻዋን ሦስት ልጅ አሳድጋለች። ደራሲው የሱን እንባ ሲያደንቅ የሷን ድካም ረሳው። ይሄ ፍቅር ሳይሆን ስንፍና ነው።

ጋሽ ተድላ፦ ሰውየው ማን ይባላል?

ዳምጠው፦ የቱ?

ጋሽ ተድላ፦ ሰነፍ ያልከው። ስም አለው እኮ።

ዳምጠው፦ ስሙ እንኳ… አሁን አፌ ላይ ነበር።

ጋሽ ተድላ፦ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ከጎኑ የቀዳ ተማሪ መልሱን አያጣውም፤ እንዴት እንዳገኘህ አስረዳኝ ስትለው ግን ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አንተም ጣሪያዬን እያየህ ነው። ከማን ቀዳህ?

ዳምጠው፦ አልዋሽዎትም። በዓይኔ አላነበብኳቸውም። በጆሮዬ ግን ሦስቱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቻለሁ። እጄ ሁልጊዜ ግራሶ ነው፤ መጽሐፍዎን እንዳላበላሽ ብዬ ሌላ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ በስልክ ያነብልኝ ነበር። መኪና ሥር ተኝቼ ስፒከሩን እከፍታለሁ። መጀመሪያ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በኋላ ጋራዡ በሙሉ መጥቶ መኪናውን ከበበው። ቀለም ቀቢያችን ደብዳቤዎቹ ላይ አለቀሰ። ጎሚስታው በዳኛው ተናዶ የሰው ጎማ ከልክ በላይ ነፋ። የሰውየው ስም የጠፋብኝም ሁላችንም «ባለ ፖስታው» እያልን ስለምንጠራው ነው።

ጋሽ ተድላ፦ የሚያነብልህ ማን ነው?

ዳምጠው፦ ጋሼ…

ጋሽ ተድላ፦ ማን ነው?

ዳምጠው፦ ረድኤት ናት።

ጋሽ ተድላ፦ የጫማው ነገር፣ የዳኛው ሚስት፣ ያ ሃያ ገጽ ያልከው… የሷ ናቸው?

ዳምጠው፦ የሷ ናቸው። ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር ትተቻለች። እርስዎ አስተያየት አምጣ ሲሉኝ ከጋራዡ ሁሉ የተሻለውን አመጣሁ።

ጋሽ ተድላ፦ አይሆንም። እናቷ ካረፈች ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እያነበብኩ እሷ እየሰማች ነው የኖርነው። ይሄን ወፍራሙን «እንዴት ነው ልጄ?» ስላት «ወደር የለውም አባዬ» ነው የምትለኝ። የወንጀሉንም ስንጨርስ «እኔም አላወቅሁትም» ብላኛለች።

ዳምጠው፦ ደስ እንዲልዎት ብላ ነዋ።

ጋሽ ተድላ፦ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ?

ዳምጠው፦ እናቷ ካረፉ በኋላ እርስዎ ለወራት እህል እንኳ ቅመሱ ሲባሉ አይመልሱም ነበር አለችኝ። ድምፅዎን የምትሰማው ያን መጽሐፍ ሲያነቡላት ብቻ ነበር። «ታዲያ እንዴት ብዬ ሰውየው ሰነፍ ነው ልበለው?» አለችኝ። ይሄን መናገሬን ከሰማች እኔ አለቀልኝ።

ጋሽ ተድላ፦ ከፍቶኛል። አልደብቅህም፣ ከፍቶኛል። የንባብ ጓደኛ አለኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ዳምጠው፦ አለዎት እኮ ጋሼ።

ጋሽ ተድላ፦ የነበረኝ አጨብጫቢ ነው። ለመሆኑ አንተ የራስህ ሐሳብ የለህም? የጎሚስታውን እንኳ ነገርከኝ።

ዳምጠው፦ የኔ ለእርስዎ የሚነገር አልመሰለኝም። እኔ ባለ ፖስታውን ወድጄዋለሁ።

ጋሽ ተድላ፦ አሁን ደግሞ እኔን ለማስደሰት።

ዳምጠው፦ አይደለም። ረድኤት ከመሥሪያ ቤቷ ሾፌር ጋር ጋራዥ የመጣች ቀን ስልኳን ልጠይቃት አስቤ አምስት ወር ፈጀብኝ። የዚያን መኪና ፍሬን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ምንም አልነበረውም። ቃሉ እያለህ አልወጣ ሲልህ ስንፍና አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ይሄንኑ ነገርኳት። «እሷስ? ልጆቹስ?» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም አልተውኩም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ጋራዡ ምዕራፍ ተቋረጠብን ብሎ ሊደበድበኝ ነበር።

ጋሽ ተድላ፦ በመጽሐፍ አኮረፈችህ?

ዳምጠው፦ በመጽሐፍ። በሦስተኛው ቀን ደውላ «ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ምዕራፍ ዘጠኝን ግን ስማ» አለችኝ። እኔም አልቀየርኩም። እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

ጋሽ ተድላ፦ እኔን አንድም ቀን አኩርፋኝ አታውቅም።

ዳምጠው፦ ስለምታከብርዎት ነው።

ጋሽ ተድላ፦ እንግዳም ይከበራል። በገዛ ቤቷ እየተጠነቀቀችልኝ ነው ያደገችው። ደግ አባት የሆንኩ መስሎኝ እኔ ደግሞ አንድም ቀን ልብ አላልኩም። አንተ ላይ ግን ትጮኻለች።

ዳምጠው፦ በጣም ትጮኻለች ጋሼ።

ጋሽ ተድላ፦ የምትፈራህ አትመስልም።

ዳምጠው፦ ኧረ እሷስ አትፈራኝም። ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ምን ልበላቸው?

ጋሽ ተድላ፦ እሁድ ይምጡ። አሁን ግን ለረድኤት ደውልና ሁሉንም እንደሰማሁ ንገራት፤ ከዚህ ቤት ተድራ ከመውጣቷ በፊት አንድ ቀን እንኳ እኔም ላይ ትጩህ።