አጋዘኑ የማን ሣር በላ?

ነዋሪ ማለት በአንድ ስፍራ ቤት ኖሮት እዚያው የሚያድር፣ የቆሻሻ ቢኑንም በቀኑ ደጅ የሚያወጣ ሰው ነው። በዚህ ትርጉም ጎረቤቴ ጋሼ አበራ በስደት የምንኖርበት የብሬብሩክ ሰፈር ጥርት ያሉ ነዋሪ ናቸው። የአደን ላይሰንስ ባወጡ ሰሞን አጋዘን እንዲመቱ ብዬ ከከተማ ውጭ ወዳለ እርሻ ወሰድኳቸው። ገበሬው በሩ ላይ አስቆመን። «የማስገባው የዚህን መንደር አዳኞች ብቻ ነው» አለ።

ጋሼ በእንግሊዝኛ ይገበያያሉ እንጂ አይጣሉም፤ ወደ እኔ ዞሩ። «እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት ኖሬ ዛሬም እንግዳ ነኝ? ይሄ ፍርድ ነው ወይ በልልኝ!» አሉኝ፤ ለገበሬው አልኩላቸው። ገበሬው ረጋ ብሎ ግጦሹን አሳየን። «አጋዘኑ የሚጨርሰው የእኛን ሣር ነው። አደኑም ለእኛ ይቅደም።»

ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ የአባታቸውን ማሳ አነሱልኝ። ልጅ ሆነው ባሌ ሳሉ የአባታቸውን ገብስ አጋዘን ይበላው ነበር፤ ፈቃድ ተሰጥቶት የሚተኩሰው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ አዳኝ ነበር።

«እሺ፣ ምን ልበለው?» አልኩ።

«ምን ትለዋለህ! እውነቱን ነው። አባቴ ያጣው እንዲህ የሚልለት ሰው ነው» አሉና የገበሬውን እጅ ጨበጡ። «ለእኔ ብሎ ደንቡን እንዳያላላ አደራ በለው።»

አደራውን አደረስኩ። ገበሬው አላላላም፤ ሥጋችንን ፉትስክሬይ ካለ ሥጋ ቤት ገዝተን ገባን።