በአሥራ አራት ቁጥር ማሳ ውስጥ የተሰጠው መልስ

የምስክር ስም፦ ሎማሶንቶ ጋሜድዜ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ገበሬ
አድራሻ፦ ማንካያኔ አካባቢ፣ የጋሜድዜ ቤተሰብ ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ እምባባላ ፖሊስ ጣቢያ
ቀንና ሰዓት፦ እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 2009፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ዱሚሳ ቪላካቲ
ጉዳዩ፦ የወይዘሮ ኬትሲዌ ጋሜድዜ ሞት

ዛሬ ወደዚህ ጣቢያ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ነው። ሟች ኬትሲዌ የታናሽ ወንድሜ የኤልፋስ ሚስት ነበረች። ኤልፋስ በዚህ ከተማ የሸንኮራ ትራክተር ሾፌር ሆኖ ሲሠራ ኖሮ ባለፈው ኤፕሪል በሳንባ ሕመም ሞቷል። ሰኞ ዕለት ለመጀመሪያው መርማሪ ኬትሲዌ ከተቃጠለችበት ማሳ አጠገብ እንደነበርኩና ምንም ዓይነት የማስጠንቀቂያ ጥሪ እንዳልሰማሁ ተናግሬ ፈርሜያለሁ። በዚያ ቃሌ ምክንያት የማሳ ቃጠሎ ቡድን ኃላፊው ቬሊ ሾንግዌ፣ የማስጠንቀቂያ ጥሪ ሳያሰማ እሳት ለቋል ተብሎ ታስሯል። ያ ቃሌ ሐሰት ነው። ቬሊ ተጣርቷል፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ለእምባባላ እንግዳ አይደለሁም። በወጣትነቴ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ሸንኮራ አርሜአለሁ፤ እግሬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚህ ማሳ ነው። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንደሚቃጠልና ከመቃጠሉም በፊት የቡድኑ ኃላፊ በአራቱም ማዕዘን እየቆመ ፊሽካ ነፍቶ እንደሚጣራ አውቃለሁ። ውስጥ ሰው ካለ ይመልሳል፤ መልስ ከተሰማ እሳቱ አይለኮስም። ይህን እዚህ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ኬትሲዌ የሐዘን ጥቁር ከለበሰች አራተኛ ወሯን ይዛ ነበር። በእኛ ወግ ጥቁር የለበሰች ሴት እጅ አትጨብጥም፣ ሰው በተሰበሰበበት አታልፍም፣ ድምጿንም ከፍ አድርጋ አትናገርም። ጥቁሩን ያለበስኳትና ወጉን መጠበቋን የምከታተለው እኔ ነበርኩ፣ የሟች ታላቅ እህት ነኝና። ሥራው ቀላል አልነበረም። ኬትሲዌ ድምፀ ትልቅ ሴት ነበረች። በሠራተኛው ሰፈር ከስኳር ፋብሪካው ጥሩምባ ትበልጣለች እያሉ ይቀልዱባት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስትዘምር ደግሞ የሌላው ሰው አፍ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በሐዘኑ ሁለተኛ ሳምንት የጎረቤት ፍየል ጎመኗን ሲበላባት ከበር ላይ ሆና ስትጮህ ደረስኩባትና በሰው ፊት ቆጣኋት። እሷም፣

«እትዬ፣ ጥቁር የለበሰው ገላዬ ነው እንጂ ጉሮሮዬ አይደለም» አለችኝ።

የነበሩት ሴቶች ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ሐዘኑ መሳቂያ ሆነ ብዬ ተናደድኩና ለሁለት ቀን አላናገርኳትም። ከዚያ በኋላ በስልክም ይሁን በአካል ባገኘኋት ቁጥር የምነግራት ስለ ድምጿ ነበር።

ሰኞ ኦገስት 17 ቀን ጠዋት ከማንካያኔ በአውቶቡስ ተነስቼ ወደ 7 ሰዓት ገደማ እምባባላ ደረስኩ። የመጣሁት ቀሪውን የሐዘን ጊዜዋን በቤተሰቡ ግቢ እንድትጨርስ ልወስዳት ነው። እሷ መሄድ አልፈለገችም። በአረም ሥራ ልትቀጠር አስባ እንደነበረ ነገረችኝ። እኔም ጥቁር ለብሶ አረም የለም አልኳት። ብዙ ተከራከርን፤ ብዙውን ያወራሁት ግን እኔ ነኝ። በመጨረሻ ልብሷን በሁለት ከረጢት አሰረች። የገንፎ ድስቷን ለጎረቤት ሰጠች። ከቤት የወጣነው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ወደ አውቶቡስ መቆሚያው የሚወስደው መንገድ በኳስ ሜዳው በኩል ነው። በዚያን ዕለት የፋብሪካውና የሸንኮራ ቆራጮቹ ቡድኖች ይጫወቱ ስለነበር ሜዳው ዳር እስከ ዳር ሰው ነበር። ጥቁር የለበሰች ሴት በዚያ ሁሉ ወንድ መካከል አታልፍም ብዬ በአሥራ አራት ቁጥር ማሳ ጥግ፣ በመስኖው ቦይ አጠገብ እንድንሄድ አዘዝኳት። ኬትሲዌ ቆም ብላ ማሳውን አየችና ለቆረጣ እንዲደርቅ ውሃ ከተቋረጠበት ብዙ ጊዜ እንደሆነውና በቅርቡ እንደሚቃጠል ነገረችኝ። «እኔ ይህን ማሳ ሳርም አንቺ አልተወለድሽም» ብያት ቀደምኳት። እሷም ከኋላዬ ተከተለችኝ። ከልመናዋ ሁሉ ያልሰማሁት ይህ አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልከበደኝ።

በውሃ መሳቢያው ሞተር አጠገብ ስናልፍ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚያደነቁር መነጋገር አልቻልንም። ከሞተሩ ርቀን ትንሽ እንደሄድን ኬትሲዌ ሽንት እንደያዛት ነገረችኝ። በመንገዱ ዳር ሰው እንዳያያት ወደ ማሳው ገባ እንድትል የነገርኳት እኔ ነኝ። ከረጢቶቹን ተቀብያት በእንጨት ድልድዩ ቦዩን ተሻገርኩና ወዲያ ማዶ ቆሜ ጠበቅኳት። በመካከላችን ሠላሳ እርምጃ ያህል ቢሆን ነው። ሸንኮራው ከሰው ቁመት በእጥፍ ስለሚበልጥ አትታየኝም ነበር።

በዚህ ጊዜ ከማሳው ሩቅ ማዕዘን ፊሽካ ሦስት ጊዜ ሲነፋ ሰማሁ። ቀጥሎ የወንድ ድምፅ «ውስጥ ያላችሁ፣ ድምፃችሁን አሰሙ!» ብሎ ተጣራ። ከወንድሜ ቀብር ጀምሮ ስለማውቀው የቬሊ ድምፅ እንደሆነ ለየሁት። ኬትሲዌም ከሸንኮራው ውስጥ «አለሁ» ብላ መለሰች። መመለሷን እኔ ሰምቻለሁ። ቬሊ ሊሰማት አይችልም ነበር። የመለሰችው የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚናገር ሰው ነው።

ትንሽ ቆይቶ እሳቱ ከማዕዘኑ ተነሳ። የሸንኮራ እሳት ጸሎት አያስጨርስም። እኔ በዚያን ጊዜ ጮህኩ፤ የእሳቱ ድምፅ ግን ጩኸቴን ዋጠው። ኬትሲዌም ጮኻለች፤ በድሮው ትልቅ ድምጿ ጮኻለች፤ ያን ጊዜ ነው ቬሊ የሰማት። እርጥብ ጆንያ ደርቦ ገብቶ በክንዱ ታቅፎ አወጣት። የሁለት እጁ ቆዳ ተገሽልጧል፤ መርማሪው ራሳቸው አይተውታል። ቦዩ ዳር አስተኝቷት ወደ እኔ ዞረና፣

«እማማ፣ ተጣርቼ ነበር እኮ። በአራቱም ማዕዘን ተጣርቻለሁ። የኬትሲዌን ድምፅ ማን ያጣዋል?» አለኝ።

ፖሊስ ሲመጣ እሱ እየሰማ ምንም አልሰማሁም አልኩ። ቬሊ ቀና ብሎ አየኝ። ኬትሲዌ ማክሰኞ ንጋት ላይ ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። አጠገቧ ነበርኩ። ነርሷ የት የት እንደሚያማት ስትጠይቃት የምትመልሰው ቀስ ብላ ነበር፤ ነርሷ ጆሮዋን ወደ አፏ ታስጠጋ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቤተሰባችን ታላቅ የሆኑት አጎቴ ጆሳፋት ጋሜድዜ ለቀብሩ ጉዳይ ከማንካያኔ መጡ። የሆነውን ሁሉ ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። አጎቴም፣

«ሎማሶንቶ፣ የሞተችው ሞታለች። ስማችንን ከእሷ ጋር አትቅበሪው» አሉኝ።

አጎቴን አከብራቸዋለሁ፤ ከዚያች ቀን በፊት ቃላቸውን አፍርሼ አላውቅም። ነገር ግን ቬሊ ሦስት ልጆች አሉት፤ ወንድሜንም ተሸክሞ ቀብሯል። ወግ ጠባቂ ነኝ እያልኩ ሰው በሐሰት አስሬ መኖር አልቻልኩም። ዛሬ ማለዳ ለአጎቴ ወደ ጣቢያ እንደምሄድ ነግሬያቸው ነው የወጣሁት። እሳቸውም «ከፖሊስ ጣቢያ እንደወጣሽ ወደ ግቢያችን አትመለሺ» ብለውኛል።

መርማሪው፣ ኬትሲዌ ዝቅ ባለ ድምፅ መመለሷን ከሰማሁ ለምን ራሴ እንዳልጮህኩላት ጠይቀውኛል። በሌሎቹ ሦስት ማዕዘኖች ጥሪው ገና የሚቀጥል መስሎኝ እንደነበር መልሻለሁ። ሦስቱ ጥሪዎች በሞተሩ አጠገብ ስናልፍ ተጠርተው ማለቃቸውን ያወቅሁት በኋላ ከቡድኑ ሰዎች ነው። መርማሪው ሙሉ ምክንያቱ ይህ ብቻ መሆኑን በድጋሚ ጠይቀውኛል።

ብቻ አይደለም። ጥቁር የለበሰች ሴት ሸንኮራ ውስጥ ተቀምጣለች ብዬ በወንዶች ፊት መጮህ አፈርኩ። ከዚያም በላይ፣ ኬትሲዌ «አለሁ» ስትል ድምጿ እንዴት ዝቅ እንዳለ ስሰማ ደስ አለኝ። አራት ወር ሙሉ የደከምኩባት በመጨረሻ ገባት ብዬ ቆሜ ኮራሁባት። እሳቱ የተለኮሰው እኔ እንደዚያ እየኮራሁ ሳለ ነው።

ከላይ የተጻፈው በራሴ አፍ የተናገርኩት ነው፤ ማንም አስገድዶኝ ወይም ቃል ገብቶልኝ የተናገርኩት አይደለም። በሐሰት ቃል በመስጠቴ ልከሰስ እንደምችል ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። ቃሉ ከተነበበልኝ በኋላ መርማሪው «ደስ አለኝ» የሚለው ለጉዳዩ አስፈላጊ ስላልሆነ ይውጣ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እንዳይወጣ ነግሬያቸው ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሎ. ጋሜድዜ
የመርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ዱ. ቪላካቲ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ10